ስክራችንና ሌሎች የልጆች ፕሮግራሚንግ ሶፍትዌሮችን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ማሠራት

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ወይም ከውጭ አገር በስጦታ የመጣ ኮምፒውተር ተረክቦ ሊኑክስ የጫነበት ወላጅ ወይም መምህር ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ልጆች ፕሮግራሚንግ የሚማሩበት ስክራች በዚህ ማሽን ላይ ይሠራል ወይ የሚል ነው። ይሠራል። ይሁን እንጂ ወደ ስክራች የማውረጃ ገጽ የሄደ ሰው የሚያገኘው ለዊንዶውስ፣ ለማክ፣ ለክሮምቡክና ለአንድሮይድ የተዘጋጀውን ብቻ ስለሆነ፣ ብዙዎች እዚያው ላይ ተስፋ ቆርጠው ወይ ዊንዶውስ መልሰው ይጭናሉ፣ ወይም ልጆቹ በኢንተርኔት ላይ ብቻ እንዲሠሩ ያደርጋሉ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና ዳታ በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚገዛበት ቤት ደግሞ ሁለተኛው መንገድ ልጁን ሥራው መሐል ላይ ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማስረዳው ስክራች በሊኑክስ ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአማርኛ፣ ለአንድ ልጅም ሆነ ለአንድ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተሮች እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት መክፈት አያስፈልግም፤ ሁሉም በማውስ ይሠራል።

አሮጌ መመሪያዎችን ይተዉ

በኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት መመሪያዎች ብዙዎቹ ዛሬ ወደ ስሕተት ይመራሉ። ምክንያቱ በስክራች ታሪክ ውስጥ አለ። በአሜሪካው ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ በሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው ቡድን ስክራችን እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ ያ የመጀመሪያው ስክራች ስኩዊክ በሚባል ሥርዓት ላይ የተሠራ ስለነበር በሊኑክስ ላይ ያለ ብዙ ችግር ይሄድ ነበር። በ2013 የወጣው ሁለተኛው ስክራች ግን አዶቤ ፍላሽ በሚባለው የብራውዘር ሶፍትዌር ተሠራ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው ቅጂውም አዶቤ ኤር የሚባለውን ሶፍትዌር ይፈልግ ነበር፤ አዶቤ ደግሞ ይህንን ለሊኑክስ ማዘጋጀት ያቆመው ቀደም ብሎ በ2011 ነው። ፍላሽ ራሱም በ2020 መጨረሻ ላይ ከአገልግሎት ወጥቷል። ጥር 2 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ስክራች ሙሉ በሙሉ እንደገና በጃቫስክሪፕት የተጻፈ በመሆኑ በማንኛውም ዘመናዊ ብራውዘር ላይ ይሠራል። እንግዲህ አዶቤ ኤርን ወይም ፍላሽን ጫኑ የሚል መመሪያ ካጋጠመዎት ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ይወቁ። የዊንዶውሱን ቅጂ ወይን በሚባለው ሶፍትዌር አማካይነት አሠሩ የሚለውንም ምክር አልደግፍም፤ ለልጅ የሚሰጥ ነገር በየጊዜው የሚሰበር መሆን የለበትም።

በመጀመሪያ ማሽኑን ይወቁ

ማንኛውንም ነገር ከማውረድዎ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሊኑክስ ባለ 64 ቢት መሆኑን ያረጋግጡ። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ በሴቲንግስ ውስጥ ስለ ኮምፒውተሩ የሚገልጸውን ክፍል፣ ሊኑክስ ሚንት በሚባለው ላይ ደግሞ የሲስተም መረጃ የሚያሳየውን መስኮት ቢከፍቱ ይገኛል። ባለ 32 ቢት ሆኖ ካገኙት ወዲያውኑ ማሽኑ አርጅቷል ብለው አይደምድሙ። ኮር ቱ ዱዎ የሚባሉት፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሁሉ 64 ቢት ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ቀደም ሲል የጫነው ሰው ባለ 32 ቢቱን ቅጂ መጫኑ ነው። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ስም አይተው፣ የሚችል ከሆነ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ቅጂ እንደገና መጫን ከሁሉም ይሻላል። ራሙ 4 ጊጋባይት ከሆነ ልጁ በምቾት ይሠራል፤ በ2 ጊጋባይትም ይቻላል፣ ነገር ግን ከስክራች ጎን ለጎን ብራውዘር መክፈት የለበትም።

ፕሮሰሰሩ ራሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከዚህ በታች የምገልጸውን ዋና መንገድ መከተል አይቻልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ዴቢያን 12 የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭነው፣ ወደ ኋላ ላይ የማነሣቸውን ቀላል ሶፍትዌሮች ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ዴቢያን 13 ለባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች የመጫኛ ቅጂ አያዘጋጅም።

ተርቦዋርፕ፣ ዋናው መንገድ

የስክራች ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ሌሎች ሰዎች ወስደው እያሻሻሉ የሚያዘጋጇቸው ቅጂዎች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ለሊኑክስ ተጠቃሚ የምመርጠው ተርቦዋርፕ ዴስክቶፕ የሚባለውን ነው። መልኩ ከስክራች ጋር ተመሳሳይ ነው፤ የስክራችን ፋይሎች ይከፍታል፣ መልሶም በዚያው ዓይነት ያስቀምጣል። ፕሮጀክቶችን ወደ ጃቫስክሪፕት ቀይሮ ስለሚያስኬድ ፍጥነቱ ከዋናው ስክራች ይበልጣል፤ ይህ ደግሞ በአሮጌ ማሽን ላይ በግልጽ የሚታይ ልዩነት ነው። የስክራች መለያ የሆነችውን ድመት ጨምሮ የገጸ ባሕርያቱ፣ የዳራዎቹና የድምፆቹ ስብስብ አብሮት ስለሚመጣ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም።

የሚጫንበት መንገድ እንደ ሊኑክሱ ዓይነት ይለያያል። በሊኑክስ ሚንት ላይ የሶፍትዌር ማኔጀሩን ከፍተው ስሙን ቢፈልጉ ፍላትፓክ በሚባለው አቀራረብ ያገኙታል፤ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሁለቱ ቃላት ያለ ክፍት ቦታ የተያያዙ መሆናቸውን ያስታውሱ። በኡቡንቱ ላይ ደግሞ በአፕ ሴንተር ውስጥ በስናፕ አቀራረብ ይገኛል። ሁለቱም መንገዶች ጥሩ ናቸው፣ ማሻሻያም በራሳቸው ያመጣሉ። ነገር ግን በተለይ ፍላትፓክ በመጀመሪያው ጊዜ ከሶፍትዌሩ ሌላ የሚያስፈልጉትን መሠረታዊ ክፍሎች ጭምር ስለሚያወርድ፣ አንዳንዴ በጊጋባይት የሚቆጠር ዳታ ይወስዳል። አንድ ኮምፒውተር ላላችሁና ጥሩ ኢንተርኔት ላላችሁ ይህ ምንም አይደለም። አሥር ኮምፒውተር ላለው ትምህርት ቤት ግን ያንኑ አሥር ጊዜ ማውረድ ከባድ ወጪ ነው።

እኔ ራሴ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስምንት ኮምፒውተሮችን ሳዘጋጅ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ያጠፋሁት በዚህ ስሕተት ነበር፤ ሦስተኛው ማሽን ላይ ስደርስ የገዛሁት ዳታ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የምከተለው መንገድ ይህ ነው። ወደ ተርቦዋርፕ ዴስክቶፕ ገጽ ሄደው ለዴቢያንና ለኡቡንቱ የተዘጋጀውን፣ ዴብ የሚባለውን ፋይል አንድ ጊዜ ያውርዱ፤ ሊኑክስ ሚንትም የሚቀበለው ይህንኑ ነው። ፋይሉን ወደ ፍላሽ ዲስክ ይገልብጡት። ከዚያ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፍላሹን ሰክተው ፋይሉን በመጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ ያድርጉበት፣ የሚከፈተው መስኮት ላይ ለመጫን ይፍቀዱ፣ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ። በሚንት ላይ ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አንዳንድ የኡቡንቱ ቅጂዎች ላይ ግን በአፕ ሴንተር አማካይነት ዴብ ፋይል መክፈት ያስቸግራል፤ በዚያ ጊዜ ጂዴቢ የሚባለውን ትንሽ ሶፍትዌር አስቀድሞ መጫንና ፋይሉን በቀኝ ማውስ ጠቅ አድርጎ በእርሱ መክፈት ችግሩን ይፈታዋል።

አፕኢሜጅ የሚባል ሳይጫን የሚከፈት ፋይልም አለ። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ በፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ እንደ ፕሮግራም እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት ብቻ ይበቃዋል ይባላል። ሆኖም ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ፊውዝ 2 የሚባለው ክፍል አብሮ ስለማይመጣ ጠቅ ሲደረግ ዝም ይላል፤ በ24.04 ላይ ደግሞ በተጨመረው የደኅንነት ጥበቃ ምክንያት እንዲህ ያሉ ሶፍትዌሮች መከፈት እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ዴቡ ካለ አፕኢሜጁን አይምረጡ።

አማርኛን ማስተካከል

ስክራች አማርኛን ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎ ይዟል፤ ተርቦዋርፕም ይህንኑ ወርሷል። በላይኛው መስመር ላይ በግራ በኩል የቋንቋ ወይም የሴቲንግ ምልክት ያለውን ሜኑ ከፍተው ከዝርዝሩ ውስጥ በራሱ ፊደል የተጻፈውን «አማርኛ» ይምረጡ። ዋና ዋናዎቹ ብሎኮች፣ ማለትም ልጁ እየገጣጠመ ፕሮግራም የሚሠራባቸው ባለቀለም ትእዛዞች፣ ወዲያውኑ በአማርኛ ይሆናሉ። ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ ልጁ የሚታገለው ከሐሳቡ ጋር እንጂ ከእንግሊዝኛ ጋር አይሆንም። ያልተተረጎመ ወይም እንግዳ የሆነ ቃል ካጋጠመው ቀለሙንና ቅርጹን ተከትሎ እንዲሠራ ያበረታቱት።

ፊደሉ በሣጥን በሣጥን ከታየ ችግሩ የስክራች ሳይሆን ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል የሚያሳይ ፎንት የሌለው መሆኑ ነው። በሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ የተባሉትን ፎንቶች ፈልገው ይጫኑና ተርቦዋርፕን ዘግተው ይክፈቱት። ለመጻፍ ደግሞ አይባስ የሚባለው የጽሕፈት ሥርዓትና ኤም17ኤን የተባለው ተጨማሪው ያስፈልጋሉ። እነዚህን ጭነው፣ ከኮምፒውተሩ ወጥተው ሲመለሱ፣ በኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ሴራ በሚባለው አጻጻፍ የሚሠራ አማርኛ ያገኛሉ፤ በላቲን ድምፅ እየጻፉ ፊደሉ ራሱ የሚለወጥበት፣ ብዙዎቻችን በስልክም የለመድነው ዓይነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ተርቦዋርፕ ውስጥ አማርኛው አልጻፍ ቢል፣ ልጁ በጽሑፍ ማስታወሻ ውስጥ ጽፎ ገልብጦ መለጠፍ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ፣ ምክንያቱም የትኛውም የውጭ መመሪያ አይነግርዎትም። ልጆች ከሚወዷቸው የስክራች ሥራዎች አንዱ እንቆቅልሽ ነው። ድመቷ «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ ተጫዋቹ «ምን አውቅልሽ» ይላል፣ ጥያቄው ይመጣል፣ መልሱ በኪቦርድ ይጻፋል። የልጁ ፕሮግራም መልሱ «ፀሐይ» ከሚለው ጋር እኩል መሆኑን ይመረምራል። ጓደኛው መጥቶ «ጸሐይ» ብሎ ይጽፋል፤ ድመቷም ተሳስተሃል ትለዋለች። ልጆቹ ይጣላሉ፣ ፕሮግራሙ ተበላሸ ይላሉ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም። በንግግራችን አንድ ድምፅ የሆኑት ፀ እና ጸ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ፈጽሞ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። መፍትሔው ዝርዝር መሥራት ነው፤ ልጁ ተቀባይነት ያላቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ «ፀሐይ»ን፣ «ጸሐይ»ን፣ «ፀሀይ»ን፣ በአንድ ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ የተጻፈው መልስ በዝርዝሩ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ የሚጠይቀውን ብሎክ ይጠቀማል። ይህንን ችግር ራሱ አግኝቶ ራሱ የፈታ ልጅ ስለ ዝርዝርም ስለ ገዛ ፊደሉም ከአንድ ሳምንት ትምህርት የበለጠ ይማራል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ቀድመው አይንገሩት፣ እስኪያጋጥመው ይጠብቁት።

የስክራች ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚለውጠው ተጨማሪ ክፍል አማርኛ አይናገርም፣ ደግሞም ኢንተርኔት ይፈልጋል። በምትኩ ልጁ በድምፅ ክፍሉ ውስጥ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ለድመቷ ይስጣት። ማይክሮፎኑ ካልሰማ፣ በኮምፒውተሩ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ የትኛው ማይክሮፎን እንደተመረጠና ድምፁ እንዳልተዘጋ ይመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው እዚያ ነው።

አልከፈት ሲል

በጣም የሚያጋጥመው እንቅፋት ዌብጂኤል አልተገኘም የሚል መልእክት ወይም ነጭ ሆኖ የሚቀር መድረክ ነው። ስክራች 3 ሥዕሎቹን የሚሥለው በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ክፍል አማካይነት ስለሆነ፣ ሊኑክሱ ያንን ክፍል በትክክል ካላወቀው አይሠራም። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩን ማሻሻያዎች በሙሉ ይጫኑ፤ ኢንቴልና ኤኤምዲ ግራፊክስ ላላቸው ማሽኖች አስፈላጊው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ኤንቪዲያ ከሆነ ደግሞ የድራይቨር ማኔጀሩን ከፍተው የሚመከረውን ይምረጡና ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡት። ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካለ፣ ያ ማሽን ለስክራች ሳይሆን፣ በጽሑፍ ለሚሠራው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለፓይዘን ይሁን።

ሌላው እንቅፋት ተርቦዋርፕ በዋናው ስክራች ውስጥ የሌሉ ብዙ ተጨማሪ ክፍሎችና ሴቲንጎች ያሉት መሆኑ ነው። ልጁ በእነዚህ ከሠራ ፕሮጀክቱ በስክራች ድረ ገጽ ላይ ላይከፈት ወይም በሌላ ፍጥነት ሊሄድ ይችላል። ለጀማሪ ልጅ አያስፈልጉም።

ማይክሮቢት የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከስክራች ጋር ለማገናኘት የሚጠቅመው ስክራች ሊንክ ለዊንዶውስና ለማክ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ማይክሮቢት ካለዎት በብራውዘር የሚሠራውን ሜክኮድን ይጠቀሙ፤ የተሠራውን ፕሮግራም ፋይል አድርጎ አውርዶ፣ ሰሌዳው እንደ ፍላሽ ሆኖ ሲታይ በላዩ ላይ መገልበጥ በሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ማስተካከያ ይሠራል።

ከስክራች በፊትና በኋላ

ማውስ ይዞ ለማያውቅ የአምስት ዓመት ልጅ ስክራች ገና ነው። ስክራች ጁኒየር ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ የታሰበ ቢሆንም የተሠራው ለታብሌት ነው። በሊኑክስ ላይ ጂኮምፕሪ የሚባለው ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ የጨዋታዎች ስብስብ በሶፍትዌር ማኔጀሩ ውስጥ በነጻ ይገኛል፤ ማውስና ኪቦርድ ያለማምዳል፣ ትእዛዞችን በቅደም ተከተል ደርድሮ አንድን ዓሣ የመፈለግ ዓይነት የፕሮግራሚንግ ጨዋታም አለው። ለባለ 32 ቢት ማሽኖችም ምቹ ከሆኑት ውስጥ ኬተርትል አለ፤ ይህ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲይሞር ፓፐርትና ጓደኞቹ የፈጠሩትን የሎጎ ቋንቋ ሐሳብ የተከተለ፣ ኤሊ እየታዘዘች መስመር የምትሥልበት ነው።

ብሎኮቹ የጠበቡት፣ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ወደ ፓይዘን ሲሸጋገር በኢስቶኒያ በሚገኘው የታርቱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ቶኒን ይጫኑለት። ለጀማሪ እንዲህ ንጹሕ የሆነ ሌላ አላየሁም፤ ፕሮግራሙ አንድ በአንድ ሲሄድ የእያንዳንዱን ስም ዋጋ ያሳያል። ኤሊ የመሣል ሥራ ሲጀምር ግን ሁለት ወጥመዶች አሉ። ቶኒን ሳይሆን ባዶውን ፓይዘን የሚጠቀም ከሆነ ቲኬ የሚባለው ክፍል በኡቡንቱና በሚንት ላይ ለብቻው መጫን አለበት። ሁለተኛው፣ ልጁ የመጀመሪያ ሥራውን «ተርትል» በሚል የእንግሊዝኛ ስም ካስቀመጠው፣ ፓይዘን እውነተኛውን የኤሊ ክፍል ትቶ የልጁን ፋይል ስለሚከፍት ትርጉም የማይሰጥ ስሕተት ይመጣል። ፋይሉን ሌላ ስም መስጠት ይበቃል፤ «ኤሊዬ» ይሁን።

ፓይዘን 3 በአማርኛ ፊደል የተጻፉ የተለዋዋጭ ስሞችን ይቀበላል። ልጁ «ጎን = 100» ወይም «ዕድሜ = 9» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ የቋንቋው መሠረታዊ ቃላት ብቻ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። እዚህም ያ የፊደል ጉዳይ ይመለሳል፤ ከላይ «ዕድሜ» ብሎ ከታች «እድሜ» ያለ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ስም አላውቅም የሚል መልስ ያገኛል።

ለብዙ ልጆች ሲዘጋጅ

በጋራ ኮምፒውተር ላይ ለልጆች የአስተዳዳሪ መብት የሌለው የተለየ አካውንት ይክፈቱና የተርቦዋርፕን ምልክት በዴስክቶፑ ላይ ያኑሩ። በሚንት ላይ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ሲያልቅ ታይምሺፍት በሚባለው ሶፍትዌር የማሽኑን ሁኔታ አንድ ጊዜ ያስቀምጡ፤ የሆነ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ቀን መመለስ ይቻላል። ታይምሺፍት የሚጠብቀው ግን ሥርዓቱን እንጂ የልጆቹን ሥራ አይደለም። ተርቦዋርፕም ሥራውን እንደ ስክራች ድረ ገጽ በራሱ ወደ ልጁ ፋይል እያስቀመጠ አይሄድም፤ ስለዚህ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ቦታ ልጆቹ ኮንትሮልና ኤስን በየጊዜው መጫንን ከመጀመሪያው ቀን ይልመዱ። ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ አንድ ፎልደር ይክፈቱ፣ በሳምንቱ መጨረሻም ፎልደሮቹን በሙሉ ወደ አንድ ፍላሽ ይገልብጡ። የስክራች ፋይሎች ትንንሽ ስለሆኑ የአንድ ክፍል የዓመት ሥራ በአንድ ተራ ፍላሽ ላይ ይገባል፤ ልጁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሲዛወርም ፋይሉን ይዞ ሄዶ በዊንዶውስም ሆነ በማክ ላይ ካቆመበት ይቀጥላል።